ሁለቱ «የ1987» ሕገ መንግሥቶች እና አንቀጽ 39 የመጣበት መንገድ

ጥያቄ፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ሕገ መንግሥታችን አመጣጥ ባነሳሁ ቁጥር ተማሪዎቼ ሦስት ነገር ይነግሩኛል። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ከጃፓን የተገለበጠ ነው ይላሉ። አንቀጽ 39ን ኢሕአዴግ ከበረሃ ይዞት መጣ፣ ኤርትራም የተገነጠለችው በእሱ ነው ይላሉ። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ካለፉት ጋር ምንም ዝምድና የለውም ይላሉ። መልስ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ስገባ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ይምታታብኛል። ከየት ልጀምር? የትኞቹን ሰነዶች ላስነብባቸው?»

መልስ፦ ከዓመተ ምሕረቱ ልጀምር፤ ብዙው ስሕተት የሚወለደው እዚያ ነው። «የ1987 ሕገ መንግሥት» የሚባል በታሪካችን ውስጥ ሁለት አለ። አንዱ የደርግ ነው። የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን ያቋቋመው ሕገ መንግሥት በእኛ መስከረም 1980 ሥራ ላይ ዋለ። ይህ በፈረንጆች 1987 ነው። ሌላው አሁን ያለው ነው። እሱ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፤ በፈረንጆች 1994 መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያነበበና አማርኛ ጽሑፍ ያነበበ ሁለት ተማሪ ስለተለያየ ሰነድ እያወሩ ሳይታወቃቸው ይከራከራሉ።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ «የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ 81 በመቶ ድጋፍ አግኝቶ ጸድቋል» ብሎ ጻፈ። ሁለት ገጽ ሙሉ ክርክሩ በዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ነበር። ሕዝበ ውሳኔው ግን የደርጉ ነው፤ ጥር 24 ቀን 1979 የተካሄደው። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ አልቀረበም። ሁለቱ ገጾች እንዳሉ ወደቁ። ስለዚህ መምህር፣ የመጀመሪያ ሥራዎ አድርገው ይያዙት፤ ተማሪ ዓመት ሲጠቅስ አቆጣጠሩን አብሮ ይጻፍ። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ ጃፓን። «ተገለበጠ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም ከሙሉ ውሸት ይከብዳል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ የተማሩ፣ ቋንቋ የሚያውቁ፣ የአውሮፓን አስተዳደር በቅርብ ያዩ ሰው ነበሩ። ከፊታቸው ካስቀመጧቸው አርአያዎች ዋነኛው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጃፓን ዘውዷን ሳትጥል ሠልጥናለች፤ ሩሲያን የሚያህል ኃይል በጦርነት አሸንፋለች፤ በማንም ቅኝ አልተገዛችም። ለዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ተራማጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚያው ሰሞን ጃፓን ሄደው አይተው ተመልሰው መጽሐፍ ጽፈውላታል።

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ግን ልዩነቱን ወዲያው ያየዋል። የጃፓኑ 76 አንቀጽ አለው፤ የእኛ 55። በሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ ቅዱስና የማይደፈር ነው። በሁለቱም ሥልጣኑ ከጥንት ከሚወርድ የዘር ሐረግ ይመነጫል። የታችኛው ምክር ቤት ጋ ስንደርስ መንገዳቸው ይለያያል። የጃፓኑ የተወሰነ ግብር በሚከፍሉ ዜጎች ይመረጥ ነበር። የእኛ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ግን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጡ ተባለ። የሕግ መወሰኛውን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይሾማሉ። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው አንቀጽ 3 ነው። ዘውዱ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘር ከሚወለዱት ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዝርያ እንዳይወጣ ይወስናል፤ የዘሩንም ሐረግ እስከ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ያደርሰዋል። ይህ ሐሳብ ከቶኪዮ አልመጣም። የመጣው ከክብረ ነገሥት ነው።

ለምን አስፈለገ? ምኒልክ በሕመም ከወደቁ ጀምሮ አገሪቱ የዘውድ ወራሽ ጉዳይ ሰላም ነሥቷት ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1909 ከሥልጣን ወረዱ፤ ከዚያ የዘውዲቱና የራስ ተፈሪ ጥምር አስተዳደር ሆነ፤ ተፈሪ የነገሡት ጥቅምት 1923 ነው። የሌሎቹን መሳፍንት ቤቶች ጥያቄ በጽሑፍ መዝጋት ነበረባቸው። የየክፍለ ሀገሩን ባላባት ወደ አዲስ አበባ ጎትቶ፣ ወንበር ሰጥቶ፣ ከዓይን ሥር ማዋልም ነበረባቸው። በዚያ ላይ አገሪቱ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እንደ ሌሎቹ የተጻፈ ሕግ አላት መባሉ ይጠቅማታል። ሕገ መንግሥቱ ሲታወጅ ተክለ ሐዋርያት ለተሰበሰበው መኳንንት የእያንዳንዱን ምዕራፍ ትርጉም ቆመው አስረድተዋል። መሳፍንቱና መኳንንቱም ፈርመዋል። ያ ፊርማ ለተማሪ ጥሩ መነጋገሪያ ነው፤ ሥልጣናቸውን የሚቀንሰውን ሰነድ ያጸደቁት ራሳቸው ባለሥልጣኖቹ ናቸውና።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ይነሳል። «ከ1923 በፊትስ ፍትሐ ነገሥት ነበረን አይደል?» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ነበረን። ግን ሕገ መንግሥት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብጽ ቅብጣዊው ሊቅ ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያሰናዳው፣ ኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ የሕግ መድበል ነው። ስለ ቀሳውስት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ወንጀል ይናገራል። ስለ ነገሥታት የሚናገር ክፍልም አለው፤ ንጉሡ እንዴት ጥሩ ገዥ መሆን እንዳለበት ይመክራል። ንጉሡ ባይሰማስ? የሚይዘው ተቋም አያበጅም። ሕገ መንግሥት የምንለው ነገር ለዚህ ጥያቄ ቢያንስ በወረቀት ላይ መልስ መስጠት አለበት። በዚህ መመዘኛ የ1923ቱም ደካማ ነው፤ ግን ምክር ቤት፣ ሚኒስትሮች፣ ዳኝነትና በጀት የሚሉትን በየምዕራፋቸው አስቀመጠ። መጀመሪያ የምንለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ምዕራፍ ብዙ መምህር ይዘልለዋል። አይዝለሉት። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በ1948 ለምን ተሻሻለ? የንግሥናው 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ስለደረሰ ነው የሚለው መልስ አጋጣሚውን እንጂ ምክንያቱን አይነግረንም። ዋናው ግፊት የመጣው ከአስመራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1943 ውሳኔ ቁጥር 390 አሳለፈ። ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ትተዳደር አለ። የቦሊቪያው ተወላጅ የመንግሥታቱ ኮሚሽነር ኤድዋርዶ አንሴ ማቲየንሶ ለኤርትራ ሕገ መንግሥት አዘጋጁ። 68 አባላት ያሉት የኤርትራ ምክር ቤት በ1944 ክረምት አጸደቀው። ንጉሠ ነገሥቱም ተቀበሉት።

እስኪ ይህን በዓይነ ሕሊናዎ ይሳሉት። በአንድ ዘውድ ሥር አንዱ ግዛት በተመረጠ ምክር ቤት ይተዳደራል፤ መብት የተዘረዘረበት ሕግ አለው፤ ትግርኛና ዐረብኛ የሥራ ቋንቋዎቹ ናቸው። ዘውዱ የተቀመጠባት አዲስ አበባ ግን እንደራሴዎቿን በመኳንንት ታስመርጣለች። ይህ ዝምድና ሊዘልቅ አይችልም ነበር። ከሁለት አንዱ መሆን ነበረበት፤ ወይ ማዕከሉ ከፍ ይላል፣ ወይ ኤርትራ ትወርዳለች። የሆነው ሁለቱም ነው። ማዕከሉ በጥቅምት 1948 ትንሽ ከፍ አለ። የኤርትራ ፌዴሬሽን ደግሞ በኅዳር 1955 ፈረሰ።

የ1948ቱ ሰነድ 131 አንቀጽ ነበረው። በማርቀቁ ሥራ ከጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስና ከአክሊሉ ሀብተ ወልድ ጋር አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ተሳትፏል። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለሕዝቡ መብትና ግዴታ ተሰጠ። ወንድም ሴትም እንዲመርጥ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የአዲስ አበባ እንደራሴ ሆነው ገቡ። ትንሽ ነገር አይደለም። ግን መብቶቹን በጥንቃቄ ያንብቧቸው። ብዙዎቹ «በሕግ መሠረት» በሚል ሐረግ ታጥረዋል፤ ሕጉን የሚያጸድቁት ደግሞ ያው ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ለተማሪዎችዎ ይህን ሐረግ በቀይ እስክሪብቶ ያስምሩላቸው። በኋለኞቹም ሰነዶች ውስጥ እየተመለሰ ይመጣል።

በየካቲት 1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል አዘዙ። አርቃቂ ጉባኤ ተቋቋመ፤ በክረምቱም ረቂቁ ተጠናቀቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪነቱ ለፓርላማ የሚሆንበት፣ ንጉሡ በአብዛኛው የክብር ቦታ ብቻ የሚይዝበት ረቂቅ ነበር። ከሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ፤ በአዋጅ ቁጥር 1 የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ። በዚያው አዋጅ ረቂቁ ተሻሽሎ ሥራ ላይ ይውላል ብሎ ነበር። አልዋለም። አገሪቱ 13 ዓመት ያለ ሕገ መንግሥት፣ በአዋጅ ብቻ ተዳደረች። ይህን ረቂቅ ሳነሳ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ከተጻፉት ሁሉ በላጭ ስለሆነ አይደለም፤ አንድም ቀን ሳይሞከር ስለቀረ ነው።

ከእነዚያ አዋጆች አንዱ ግን ከደርግ ዕድሜ በላይ ኖሯል። የካቲት 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በዕዳ መያዣ አይሆንም አለ። አሁን ያለውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይግለጡ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሦስተኛው ጥያቄዎ መልስ እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቹ «ካለፉት ጋር ዝምድና የለውም» ሲሉ ሁለቱን ጽሑፎች በአንድ ወረቀት ላይ አባዝተው ይስጧቸው። ደርግን በጠመንጃ ያባረረው ኃይል የደርግን የመሬት ሕግ ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገብቶ አተመው። ሥርዓት ሲወድቅ ሰነዱ ሁሉ አብሮት አይወድቅም።

አንቀጽ 39ም ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። «ኢሕአዴግ ከበረሃ ይዞት መጣ» የሚለው አባባል ሐሳቡን በጣም ወጣት ያደርገዋል። የብሔረሰቦች ጥያቄ በጽሑፍ በአደባባይ የተነሳው በኅዳር 1962፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋለልኝ መኮንን የተባለ የወሎ ልጅ «ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር አይደለችም፤ የብዙ ብሔሮች አገር ናት» የሚል መልእክት ያለው አጭር ጽሑፍ በተማሪዎቹ መጽሔት ላይ አወጣ። ያን ጊዜ ሕወሓት አልተመሠረተም። ኢሕአዴግማ ይቅርና! ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ጥያቄው የግራው ሁሉ የጋራ ርስት ሆነ። ኢሕአፓም መኢሶንም መብቱን ተቀብለዋል፤ የተጣሉት በሌላ ነገር ነው። ደርግ ራሱ በሚያዝያ 1968 ባወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የብሔረሰቦችን ራስን በራስ የማስተዳደር መብት ተቀበለ፤ መፍትሔው ግን የክልል ራስ ገዝ አስተዳደር ነው አለ። በ1975 የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የ1980ው ሕገ መንግሥት አገሪቱን አሐዳዊ አድርጎ፣ በውስጧ ለኤርትራ፣ ለትግራይ፣ ለአሰብ፣ ለድሬዳዋና ለኦጋዴን ራስ ገዝነት የሚሰጥበትን በር ከፈተ። አራት ዓመት ሳይሞላው ሥርዓቱ ወደቀ።

ከሁሉ የሚበዛው ምሥጢር ያለው በቻርተሩ ውስጥ ነው። ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ መጨረሻ ኮንፈረንስ ተጠራ። ሐምሌ 15 ቀን 1983 የሽግግር ወቅት ቻርተር በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። 20 አንቀጽ ብቻ ያለው፣ በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ሰነድ ነው። 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት አቋቋመ፤ 32ቱ የኢሕአዴግ፣ 12ቱ የኦነግ ነበሩ። አሁን አንቀጽ 2ን ከአንቀጽ 39 ጋር ያነጻጽሩ። ቻርተሩ በመጀመሪያ የማንነትን፣ የባህልንና የቋንቋን መብት ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ በራስ አካባቢ መስተዳድርና በማዕከል በአግባቡ የመሳተፍ መብትን። ከዚያ በሦስተኛው ነጥብ ነጻነት ድረስ የሚሄደውን መብት ያመጣና አንድ ሁኔታ ያስቀምጥለታል። ሕዝቡ ከላይ የተጠቀሱት መብቶች ተከለከሉብኝ፣ ተሸራረፉብኝ ወይም ተሻሩብኝ ብሎ ሲያምን ነው የሚጠቀምበት። በቻርተሩ መገንጠል የበደል መውጫ በር ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 ግን እንዲህ ይላል፦ «ማንኛውም የኢትዮጵያ ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን እስከ መገንጠል ያለው መብቱ በማንኛውም መልኩ ያለምንም ገደብ የተጠበቀ ነው።» ሁኔታው የለም። «ያለምንም ገደብ» ሆኗል። በምትኩ ንዑስ አንቀጽ 4 የአፈጻጸም ሥርዓት አስቀመጠ። የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጠየቅ አለበት። ፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ጥያቄው በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። ከዚያ ሥልጣንና ንብረት በሕግ ይከፋፈላል። ስለዚህ ቻርተሩ ምክንያት ይጠይቃል፣ ሥርዓት ግን የለውም፤ ሕገ መንግሥቱ ሥርዓት ይጠይቃል፣ ምክንያት ግን አይጠይቅም። በአንቀጽ 39 ላይ ከሚነሳው ጩኸት ሁሉ ይልቅ ይህ ለውጥ ለተማሪ የሚያስተምረው አለው። ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ ቢሆን የሚከራከርበትን ነገር በትክክል ያውቀዋል።

የ«ብሔር» ትርጓሜንም በዚያው አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ያንብቡ። የጋራ ባህል፣ የሚግባቡበት ቋንቋ፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ የተያያዘ መልክዓ ምድር። ስታሊን በ1913 እ.ኤ.አ. ለብሔር የሰጠውን ትርጉም የሚያውቅ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ይለየዋል። ግን ሁለት ልዩነት አለ። የስታሊኑ «የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት» ወጥቷል። «የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብለው የሚያምኑ» የሚል ገብቷል። ማመን የሚለው ቃል ቀላል አይደለም። ብሔርነትን በከፊል የሰዎቹ የራሳቸው ስሜት አድርጎታል።

ኤርትራ ግን በአንቀጽ 39 አልተገነጠለችም። ይህን በሰሌዳው ላይ ሁለት ቀን ጽፎ ማስረዳት ይበቃል። የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ልዩነት አለው። ሻዕቢያ አስመራን የያዘው ደግሞ ቻርተሩ ከመጽደቁ በፊት፣ ግንቦት 1983 ነው። መነሻው የ30 ዓመት ጦርነትና የፈረሰው ፌዴሬሽን ነው። ወደ 1955 የሚመልሰን መንገድ ይኸው ነው፤ የአስመራውን ምዕራፍ አይዝለሉት ያልኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ስለ አረቃቀቁ። በነሐሴ 1984 በአዋጅ ቁጥር 24 የሕገ መንግሥት ኮሚሽን ተቋቋመ። 29 አባላት ነበሩት፤ ሰብሳቢው ቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ክፍሌ ወዳጆ ናቸው። 7 አባላት ከተወካዮች ምክር ቤት፣ 7 ከፖለቲካ ድርጅቶች፣ 3 ከሠራተኛ ማኅበራት፣ 3 ከንግድ ምክር ቤት፣ 3 ከሴቶች፣ የቀሩት ሁለት ሁለት ከሕግ ባለሙያዎች፣ ከመምህራንና ከጤና ባለሙያዎች መጡ። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ሰፊ ነው። ከዚያ በፊት ግን በሰኔ 1984 ኦነግ ከሽግግሩ መንግሥት ወጥቶ ነበር። ቻርተሩን ከኢሕአዴግ ጋር ያዘጋጀው ድርጅት ሕገ መንግሥቱ ሲረቅ አልነበረም። ግንቦት 28 ቀን 1986 ለሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ተደረገ። ከ547 መቀመጫዎች 484ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ። ጉባኤው ተወያይቶ አጸደቀ፤ ሰነዱ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ሥራ ላይ ዋለ።

«እንግዲያው ሕዝቡ አልመከረበትም» ብሎ መደምደም ይቻላል? ቸኩሎ ነው። «ሕዝቡ መክሮበታል» ማለትም እንደዚያው። ኮሚሽኑ ውይይት አዘጋጅቷል፤ ጉባኤው በተለይ በመሬትና በመገንጠል ላይ ክርክር አድርጓል። ግን አብላጫው ድምፅ የት እንዳለ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። የውጭ ተቃዋሚ ድርጅቶች አልገቡበትም። ተማሪ ሁለቱንም ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መያዝ መቻል አለበት። ከደርጉ ጋርም ያነጻጽር። የደርጉ ረቂቅ በየቀበሌው ወርዶ ተነቧል፣ ሕዝበ ውሳኔም ተደርጎበታል፤ ነጻ ተቃውሞ ግን አልነበረም። የሕዝበ ውሳኔ መኖር ብቻውን የሕዝብ ፈቃድ ማስረጃ አይሆንም፤ አለመኖሩም ብቻውን ተቃራኒውን አያስረዳም።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ ከእንግሊዝኛው ቅጂ ተነስተው አይከራከሩ። የነጋሪት ጋዜጣ ገጽ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያትማል፤ ሰው የሚቀልለውን ያነብባል። የአሁኑ ሕገ መንግሥት የመጨረሻው አንቀጽ፣ 106ኛው፣ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ልዩነት ካጋጠመ አማርኛው ይገዛል። ሁለተኛ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ ነጠላ አንቀጾችን እንደ ማስረጃ አይቀበሉ። ንዑስ አንቀጽ 1 ሲለጠፍ ንዑስ አንቀጽ 4 ተቆርጦ ይቀራል። ሲቆረጥ ደግሞ ሙሉ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው።

ሰነድ የማይነግረን ነገርም አለ። ቃለ ጉባኤ ከፍ ባለ ድምፅ የተነገረውን ይመዘግባል። ድርጅቶች በዝግ የተስማሙበትን አይመዘግብም። የጽሑፉ መኖርም አፈጻጸሙን አያሳይም፤ የ1948ቱ መብት ምዕራፍ በ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ማግስት ለማን ሠራ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ለመመለስ የፍርድ ቤት መዛግብት፣ ጋዜጦችና የዚያ ዘመን ሰዎች ትዝታ ይፈለጋሉ። የክፍል ጊዜዎ ለዚህ አይበቃም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሙሉ ሕገ መንግሥት አያስነብቡ። ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ እርስዎም ይደክምዎታል። አምስት ቁራጭ ይምረጡ። የ1923ቱ አንቀጽ 3፣ ከ1948ቱ የመብት ምዕራፍ አንድ ገጽ፣ የአዋጅ ቁጥር 31/1967 መጀመሪያ አንቀጾች፣ የቻርተሩ አንቀጽ 2፣ የአሁኑ አንቀጽ 39 እና 40። በቅደም ተከተል ሳይሆን ከኋላ ወደ ፊት ያስነብቧቸው። በአንቀጽ 39 ይጀምሩ፤ ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነውና። ከዚያ «ያለምንም ገደብ» የሚለው ከቻርተሩ ጋር ለምን አልተስማማም ብለው ይጠይቋቸው። ከቻርተሩ ወደ መሬት አዋጁ፣ ከመሬት አዋጁ ወደ 1948፣ ከ1948 ወደ ዘር ሐረጉ ይሂዱ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ያንሱ፤ «ሥልጣን ከየት ይመጣል ይላል?» በ1923 ከሰሎሞን ዘር። በ1987 መግቢያው ላይ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች»።

ጊዜ ከተረፈዎት የሕገ መንግሥት ጉባኤውን ቃለ ጉባኤ ይፈልጉ። በአማርኛ በበርካታ ቅጾች ታትሟል፤ ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። አንቀጽ 39 የተከራከሩበትን ክፍል አውጥተው ሁለት ተማሪ እንደ ተዋናይ ያስነብቧቸው፤ አንዱ ደጋፊውን፣ አንዱ ተቃዋሚውን። ማን ምን እንዳለ መጀመሪያ ይሰሙ። አስተያየታቸውን ከዚያ በኋላ ይጠይቋቸው።